ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ? በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው የትኛው የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል?

የሰሚት ተሳፋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቤቴ ሰሚት፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። የታክሲ ሰልፉን ጨምሮ መንገድ ላይ ብቻ በቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ይሄድብኛል፤ ጊዜውን የምገፋው በማዳመጥ ነው። ጠዋት ዜና፣ ማታ ትረካ፣ በጾም ወቅት ደግሞ የበገና መዝሙር። የጆሮ ማዳመጫ ለእኔ ጌጥ አይደለም፤ እንደ ጫማ በየቀኑ የማደርገው ዕቃ ነው።

ባለፉት ሦስት ዓመታት አራት ባለገመድና ሁለት ገመድ አልባ ጨርሻለሁ። ባለገመዶቹ ሁሉም የሞቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ስልኩ ላይ ከሚሰካው ብረት ሥር። መጀመሪያ የግራው ድምፅ ይሄድና ይመጣል። ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ጠምዘዝ ሳደርገው ይመለሳል፣ ስለቀው ይጠፋል። አውራ ጣቴን ገመዱ ሥር አስደግፌ፣ እንዳይነቃነቅ ትንፋሼን ውጬ ከመገናኛ ሜክሲኮ የደረስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከገመድ አልባዎቹ የመጀመሪያው በዓመት ከመንፈቁ ባትሪው ደከመና ግራው በ40 ደቂቃ የሚያልቅ ሆነ። የሁለተኛው ቀኝ ደግሞ መገናኛ ላይ ከታክሲ ስወርድ ከጆሮዬ ወልቆ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ስፈልገው ታክሲው ተንቀሳቀሰ፤ ያገኘሁት ጎማው ካለፈበት በኋላ ነው።

አሁን ስልክ ቀይሬአለሁ፤ አዲሱ ስልኬ ክብ መሰኪያ የለውም። ያለው የቻርጀሩ ቀዳዳ ብቻ ነው። ገንዘቤን የትኛው ላይ ባውለው ይሻላል? ስቱዲዮ አልሠራም፤ የምፈልገው ለየዕለት ማዳመጥ ነው። ከራሱ ልምድ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ እኔ የሞባይል ጥገና ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የነገርከው የባለገመዱ አሟሟት በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እሱ ልንገርህ።

የማዳመጫ ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አንዱ ክር ሌላውን እንዳይነካ በቀለም መሰል ነገር ተለብዶ፣ ከናይሎን ክር ጋር ተገምዶ ይቀመጣል። ስልኩን ኪስህ ስትከት ገመዱ ከብረቱ ሥር ይታጠፋል፤ ስታወጣው ይቃናል። በቀን ሃያ ጊዜ፣ በዓመት ከሰባት ሺህ ጊዜ በላይ። መዳቡ አንድ በአንድ ይበጠሳል። አንተ በጣትህ ስትጠመዝዘው የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ፣ ድምፁም ይመለሳል። ላዩ ላይ ያለው ላስቲክ ምንም ሳይሆን ውስጡ ያለቀው ለዚህ ነው።

ይህ ግን ይጠገናል። ገመዱን ከተበጠሰበት በላይ እቆርጠዋለሁ፣ በአዲስ ብረት እተካዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ቀዩ ክር የቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፣ ወርቃማው የጋራ መመለሻ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ ሞክሮ የሚያቅተው ያ ቀለም መሰል ልባስ ስላለ ነው፤ በጋለ መበየጃ ወይም በክብሪት ለአፍታ ካላቃጠሉት ብየዳው አይይዝም፣ ቢይዝም ድምፅ አያሳልፍም። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ወደ ገመድ አልባው ስትመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ዓይነት የያዘው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ የስልክህ ባትሪ 5000 ይደርሳል። ሊቲየም ባትሪ ሙሉ በሙሉ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ከተሞላና ካለቀ በኋላ አቅሙ ይወርዳል፤ ትንሽ ባትሪ ደግሞ ቶሎ ስለሚያልቅ ቁጥሩን ቶሎ ይደርስበታል። በቀን ሦስት ሰዓት የምታዳምጥ ሰው በዓመት ከመንፈቅ ማለቁ ተበላሽቶ አይደለም፤ ዕድሜው ያ ነው። ልክፈተው ብል ደግሞ ሽፋኑ በማጣበቂያ የተዘጋ ነው። ሰብሬ ከፍቼ ባትሪ የቀየርኩላቸው አሉ፤ ሁለተኛ ግን እንደ ድሮው አይገጥምም፣ ላብም ያስገባል።

እኔ የምመርጠው ባለገመድ ነው። ስትገዛ ሁለት ነገር ተመልከት፦ ብረቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ጎን የታጠፈ ይሁን፣ ገመዱ ብረቱ ውስጥ የሚገባበት አንገት ደግሞ ለስላሳና ረዘም ያለ ላስቲክ ይኑረው። ገመዱ ከማዳመጫው የሚነቀል ዓይነት ካገኘህ ገመዱን ብቻ እየቀየርክ ለዓመታት ትኖራለህ።

የጣቢያ አድማጭ፦
ጠጋኙ ያሉት ትክክል ነው። እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፤ የማክልባችሁ አንድ ነገር አለ፣ ወጣቶች ሲረሱት አያለሁ። የስልክ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አንቴናው የማዳመጫው ገመድ ነው። ገመድ ካልሰካችሁ ሬዲዮው «ማዳመጫ ይሰኩ» ይላችኋል እንጂ አይከፈትም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የኤፍ ኤም ሞገድ በ98 ሜጋኸርዝ አካባቢ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ለመቀበል የሩቡ ያህል፣ 75 ሳንቲሜትር አካባቢ የሆነ ሽቦ ይበቃዋል። የማዳመጫ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ከምናምን ስለሆነ ተስማሚ ነው። ሸገር 102.1ን ወይም ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ስሰማ ገመዱን ሰብስቤ እፍኜ ውስጥ ስይዘው ይንሿሿል፣ ወደ ታች ስለቀው ይጠራል። መብራት በጠፋበት፣ ኔትወርክም በሌለበት ሌሊት ዜና የሰማሁት በዚህ ገመድ ነው። ገመድ አልባው ይህን አያደርግም።

የሰሚት ተሳፋሪ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔ አዲሱ ስልክ ግን የሬዲዮ ፕሮግራሙም የለውም፤ ከክብ መሰኪያው ጋር አብሮ የቀረ ይመስለኛል። ጠጋኙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከቻርጀር ቀዳዳ ወደ ክብ መሰኪያ የሚቀይር አጭር ገመድ ገዝቼ ነበር። በሻጩ ስልክ ላይ ሲሞከር ሠራ፤ በእኔ ላይ ስሰካው ድምፁ በስልኩ ስፒከር ወጣ፣ ታክሲው ሙሉ ሰማው። ገመዱ ተበላሽቶ ነው?

ድምፅ አርታዒ፦
ይህን እኔ ልመልስ፤ ትረካ የመቅዳትና የማረም ሥራ ላይ ስላለሁ ከእነዚህ መቀየሪያዎች ጋር ብዙ ታግያለሁ።

ገመዱ አልተበላሸም፤ ዓይነቱ ነው ከስልክህ ጋር የማይሄደው። መቀየሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባዶ ሽቦ ነው፤ ስልኩ ራሱ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሞገድ ለውጦ በዚያው ቀዳዳ እንዲያወጣ ይጠብቃል። ይህን የሚያደርጉ ስልኮች አሉ፣ የማያደርጉም አሉ። ሁለተኛው በውስጡ የራሱ ድምፅ ቀያሪ ቺፕ አለው፤ ስልኩ ዲጂታሉን ብቻ ይሰጠዋል፣ የቀረውን መቀየሪያው ይሠራል። አንተ የሚያስፈልግህ ሁለተኛው ነው። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ሻጩን «ቺፕ ያለበት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀው፣ ቃሉንም ብቻ አትመን፤ የራስህን ስልክ ሰክተህ ስማ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለ ድምፅ ጥራት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ያለው ሰው በሚያስበው ቦታ አይደለም። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ነው፤ ሁሉም ብሉቱዝ ማዳመጫ የሚያውቀው ኤስ ቢ ሲ የሚባለው አጨማመቅ ጥሩ ሲሠራ 328 አካባቢ ይልካል። የሶኒው ኤልዳክ የሚባለው አጨማመቅ እስከ 990 ይደርሳል፤ አይፎን ግን በኤልዳክ አይልክም፣ የሚጠቀመው ኤኤሲ የሚባለውን ሌላ አጨማመቅ ነው። ሣጥኑ ላይ «ኤልዳክ» ተብሎ የተጻፈበት ማዳመጫ በአይፎን ስትሰማበት ለዚያ ቃል የከፈልከው ገንዘብ ጥቅም አይሰጥህም።

በጆሮዬ ያረጋገጥኩትን ልንገራችሁ። በበገና ሞክሬዋለሁ፤ በገና ለማዳመጫ ከባድ ፈተና ነው። አሥሩ ጅማቶች መቀመጫቸው ላይ በትንንሽ ቆዳ፣ እንዚራ በምንለው፣ ስለተደገፉ እያንዳንዱ ምት ዝም ብሎ አይወጣም፤ ይንዘረዘራል፣ ይነዝራል። ሌሊት ቤቴ ሁሉ ጸጥ ሲል በባለገመዱ ስሰማው የጅማቱ ንዝረት እስኪያልቅ ድረስ ጫፉን መከተል እችላለሁ። በርካሹ ገመድ አልባ ያ ጫፍ ይደበዝዛል፤ ንዝረቱ አንድ ላይ ይቀላቀላል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ግን ሁለቱን ለይቼ መናገር አልችልም። ሞተሩ፣ ረዳቱ፣ የሹፌሩ ሬዲዮ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ለመንገድ ብለህ ስለ ኪሎቢት አትጨነቅ።

የሚያስጨንቀው ማይክሮፎኑ ነው። ገመድ አልባ ማዳመጫ በተለመደው ብሉቱዝ ላይ ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፤ የምትሰማው ድምፅ ወዲያው ይጠባል፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ይሆናል። በኮምፒውተር ስብሰባ የምትገቡ ሰዎች «ማዳመጫዬ ተበላሸ» የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በኮምፒውተሩ ቅንብር ማዳመጫውን ለመስሚያ ብቻ ተውትና ማይኩን የኮምፒውተሩን ምረጡ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁም ለገመድ ስትቆሙ አየሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ገመድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኔ የማዳምጠው ቆሜ እየሠራሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በባለገመድ ትረካ እየሰማሁ እንጀራ እጋግር ነበር። ስልኬ የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙሬ አክንባሎውን ለመክደን ስዞር ገመዱ የመሳቢያው እጀታ ላይ ተያዘ፣ ስልኩን ከኪሴ መንጭቆ ሲሚንቶው ላይ ጣለው። የመስታወቱ ማስቀየሪያ ከማዳመጫው ዋጋ አሥር እጥፍ በላይ ሆነብኝ። ትንሹ ልጄም ገመድ ካየ ይጎትታል፤ ጆሮዬን ያሳመመኝ ቀን አለ።

አሁን ገመድ አልባ ነው ያለኝ፤ ስጠቀምም በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነው። አንዱ ጆሮዬ ልጆቹንና ምጣዱን ይሰማል። የአንዱ ባትሪ ሲደክም ወደሚሞላበት ሣጥን እመልሰውና ሌላውን አወጣለሁ፤ እንዲህ እየቀያየርኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆየኛል። ጠጋኙ ያሉት የባትሪ ነገር እውነት ቢሆንም፣ ሁለቱን በየተራ የሚጠቀም ሰው የእያንዳንዱን ድካም በግማሽ ይቀንሳል።

ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ይህን አልክድም። የመስታወት ጥገና ከሚያመጡልኝ ሰዎች «ገመዱ ይዞት ወደቀ» የሚሉኝ አሉ። ኩሽና ውስጥ ለሚሠራ ሰው እኔም ገመድ አልመክርም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሣጥኑን ምጣዱ አጠገብ አያስቀምጡት። ሊቲየም ባትሪን ከሁሉም በላይ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ለረጅም ጊዜ ባዶውን መተውም ይገድለዋል፤ ሳይጠቀሙበት የሚቆይ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጡት።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ሹፌር ነኝ። እዚህ በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳት በሕግ ክልክል ነው፤ በአንዱ ይቻላል። ስለዚህ ለሥራዬ ያለኝ አንድ ጆሮ ላይ የሚውል ገመድ አልባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቤተሰብ ጋር የማወራውም በእሱ ነው። መሪ ይዞ ገመድ አይሆንም።

ለአገር ቤት ጉዞ ግን ሁለቱንም ይዤ ነው የምመጣው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ በረራ ነው። የውጪ ድምፅ የሚቀንሰው ትልቁ ማዳመጫዬ የሞተሩን ጉምጉምታ በደንብ ያጠፋልኛል፤ ይህ ቴክኖሎጂ ወፍራምና ተከታታይ ድምፅ ላይ ነው የሚበረታው፣ የሕፃን ለቅሶ ላይ ብዙም አይሠራም። የወንበሩ ቴሌቪዥን ላይ ግን በረራዬ ላይ ብሉቱዝ አልነበረም፤ ክብ መሰኪያ ብቻ ነበር። የእኔ ማዳመጫ በገመድም ስለሚሠራ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን ገመድ ሰክቼ አየሁ። አጠገቤ የነበረች ልጅ ውዱን ገመድ አልባዋን ይዛ ፊልሙን ያለ ድምፅ አየችው፤ አስተናጋጇ ተጨማሪ ማዳመጫ እስክታመጣላት ድረስ። ሁለቱንም መንገድ የሚችል ማዳመጫ አለ፤ ትልቁን ዓይነት ለሚገዛ ሰው ይህን ፈልግ እለዋለሁ።

ጨዋታ ወዳድ፦
የመዘግየት ነገር አልተነሳም። በስልክ ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነ ገመድ አልባውን እርሱት። ድምፁ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የተኩሱ ድምፅ ሲሰማኝ እኔ ቀድሜ ሞቻለሁ። ፊልም ላይ አይታወቅም፤ ማጫወቻው ምስሉን አዘግይቶ ያስተካክለዋል።

የጆሮ ክሊኒክ ባልደረባ፦
እስካሁን ስለ ዕቃው ነው የተወራው፤ እኔ ስለ ጆሮው ልናገር። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳነብ በጣም የያዘኝ «በቀን ሦስት ሰዓት፣ ታክሲ ውስጥ» የሚለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ይህ ነው፦ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል። ወደ 90 ዴሲቤል ሲወጣ የሚፈቀደው በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ይሆናል። አሥር ዴሲቤል ስትጨምሩ ከ40 ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ነው የምትወርዱት። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት የምታዳምጥ ከሆነ 18 ሰዓት ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ምንም አይደለም፤ የታክሲውን ጩኸት ለማሸነፍ ከፍ ካደረግከው ግን ጆሮህ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ፀጉሮች ይጎዳሉ፤ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ቤታችሁ ገብታችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ የዚያ ቀን ድምፅ በዝቶ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ባለገመድም ይሁን ገመድ አልባ፣ የጆሮ ቀዳዳውን በደንብ የሚዘጋውን ምረጥ። ብዙዎቹ በሦስት መጠን የሲሊኮን ጫፍ ይዘው ይመጣሉ፤ አብዛኛው ሰው የተገጠመውን መካከለኛውን ብቻ ይጠቀምና የቀሩትን ይጥላል። ሦስቱንም ሞክሩ። ግራና ቀኝ ጆሯችሁ የተለያየ መጠን ሊፈልግም ይችላል። ልኩን ስታገኙት ወፍራሙ ድምፅ ወዲያው ይሞላል፣ የውጪው ይቀንሳል፣ ድምፁን ሁለት ሦስት ደረጃ ታወርዱታላችሁ። መገናኛ ላይ መንገድ ስትሻገሩ ግን አውጡት፤ የሚመጣውን መኪና አትሰሙም።

ደንበኛ ነበርኩ፦
እኔ አንድ ምክር ብቻ አለኝ። «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ የገዛሁት ገመድ አልባ ኮፒ ነበር። ስልኬ ላይ የማዳመጫው ሥዕል ብቅ ሲል አምኜ ከፈልኩ፤ ለካ ኮፒውም ያንን ሥዕል ያወጣል። አሁን ስገዛ እንዲህ ነው የማደርገው፦ የራሴን ስልክ አገናኛለሁ፣ ስልኩን ከማዳመጫው በተቃራኒ ያለው የኋላ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፣ ከሱቁ ወጥቼ ሰው በበዛበት እራመዳለሁ። የብሉቱዝ ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይውጠዋል፣ ደካማው ዓይነት እዚያው መቆራረጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ሰው እንዲደውልልኝ አደርግና መንገድ ዳር ቆሜ አወራለሁ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ አልገዛም።

የሰሚት ተሳፋሪ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ለሌላውም ይጠቅማል።

ባለገመድ ገዛሁ። ብረቱ ወደ ጎን የታጠፈ፣ ገመዱ ከጆሮው ሥር የሚነቀል ነው። ቺፕ ያለበትን መቀየሪያ ለማግኘት አራት ሱቅ ዞርኩ፤ በሦስቱ ስልኬን ስሰካው ድምፁ በስፒከር ወጣ፣ በአራተኛው ሠራ። የሲሊኮን ጫፎቹን ስሞክር የግራ ጆሮዬ ትልቁን፣ የቀኜ መካከለኛውን ፈለገ። ይህን በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው ያወቅኩት። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ድምፁን ከ15 ደረጃ 12 ላይ ነበር የምሰማው፤ አሁን 7 ይበቃኛል።

ማታ ደግሞ ድምፅ አርታዒው እንዳለው መብራት አጥፍቼ በገና ሰማሁ። ንዝረቱ እስኪጠፋ ተከተልኩት። ድጋሚ ከፈትኩት።

የቤት ሥራ ስሠራና ስልክ ሳወራ ያንን ጎማ ያልሄደበትን ግራ ገመድ አልባ እጠቀማለሁ፤ ብቻውንም ይገናኛል። የእናታችን ምክር ነው። አሁን የቀረኝ ሥጋት መቀየሪያው ነው፤ ትንሽ ስለሆነች እንዳትጠፋ እፈራለሁ።

ጠጋኙ፦
ከማዳመጫው ላይ ፈጽሞ አትንቀላት። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ በሙቀት የሚጨማደድ የፕላስቲክ ቱቦ አልብስበት፤ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በሳንቲሜትር ይቆርጥልሃል፣ በክብሪት ከሩቅ ስታሞቀው ይይዛል። ስልኩንም ኪስህ ስትከት ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን። የአራቱን ማዳመጫ አንገት የቆረጠው ወደ ታች መሆኑ ነው።